ቅዳሜ የሚዘጋው ሼድ

ለውድ አባቴ፤

እንዴት ባጁልኝ? ወገብዎስ ተሻለዎት? እማዬስ ደህና ናት? ዝናቡ ገሳይ ላይ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ጣራውን አሳደሳችሁት ይሆን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደብረ ታቦር ላይ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሥራዬ ነው፤ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ዓምና ለብረት ቀጥቃጮች ሼድ ሠራ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ብረት መቁረጫ ማሽን ገብቶለታል፣ ዘበኛም አለው። እቅዱ አዲስ ማጭድና ማረሻ እያመረቱ እንዲሸጡ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ገዢ ድርሽ አላለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሼዱን መጋዘን ለማድረግ፣ አሥራ አራቱን ሠራተኞችም ለማሰናበት ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን አቶ ይሻው ሰዎቹ የሥራ ፍላጎት የላቸውም ብለው ደመደሙ።

አባቴ፣ ደሜ ፈላ። ገበሬ አዲስ ማረሻ የሚገዛው በስንት ጊዜ አንዴ ነው? የዶለዶመውን ተሸክሞ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ቀጥቃጩ እስኪያሾልለት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ወሬውን ያወራል። የእኛ ሼድ ግን እንደ ቢሮው ቅዳሜ ዝግ ነው! ይህን እያወቅሁ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ከየት አወቅሽ እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ያን ቀን ግን ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አቶ ይሻው ከየትኛው ጥናት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ጥናት አይደለም፣ ወናፍ እያናፋሁ ያደግሁ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ አልኳቸው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ወንበሯን ከእኔ ራቅ አደረገች። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ ቅዳሜ ይከፈት፣ በገበያው በኩል በር ይውጣለት፣ ማሾልም እንደ ምርት ይቆጠር፤ ከእንግዲህ እቅድ ስናወጣ መጀመሪያ ባለሙያውንና ገበሬውን እንጠይቅ አልኩ። አቶ ይሻው አኮረፉ፤ ግን የሁለት ወር መሞከሪያ ሰጡኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከጋፋት በኩል የመጣው ገበሬ ብቻ እስከ ቀትር ወረፋ ይዞ ዋለ። እንዴት እንደኮራሁ!

አሁን የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። የሼዱ ልጆች ማረሻውን ሲያጠነክሩት የእሳቱን መጠን አይለኩም፤ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። የፊታችን ቅዳሜ መጥተው ያሳዩአቸው። ሚኒባሱ ላይ ከፊት ይቀመጡ፤ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ደምሴ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ሲያይዎት ቢደነግጥ አይቀየሙት። ደግ ሰው ነው። ሥራ በያዝኩበት ዓመት ስለ አባትሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ፣ ከሁሉ ቀድሞ ለቅሶ የደረሰኝ እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሲመጡ እግርዎ ላይ ወድቄ እነግርዎታለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትዎን አይንፈጉኝ።

የእርስዎው ልጅ