ከቤት ስትወጣ የምታኮርፈው መኪና

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሳማት፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እዚህ በረዶው እስከ መስኮታችን ደፍ ደርሷል። አንተ ያለህበት ዳገት ደግሞ ነፋስ አያጣውምና ጎንህ እንዳይቀዘቅዝህ እሰጋለሁ። አባታችን አጠገብህ ስለሆነ ብቸኝነት አይጎዳህም ትላለች እናታችን። እኔ ግን ስትተኛ እጅና እግርህን ዘርግተህ ምንጣፉን ሁሉ የምትይዝ ሰው ስለነበርክ፣ ቦታው ጠቦህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ አንተን ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። ላሟ ደህና ናት። ውሻህም ደህና ነው፤ የመኪናህን ድምፅ በሰማ ቁጥር ግን አሁንም ወደ በሩ ይሮጣል፤ እኔ ስወርድ ያየኝና ተመልሶ ይተኛል።

እስካሁን ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው። ማንን አፍረህ ብትለኝ፣ አንተን ነው። ነገሩ የመኪናዋ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የጎረቤት ፈረሶችን ልትመልስ ወጥተህ የበረዶ ናዳው ከወሰደህ በኋላ፣ የመኪናዋን ባትሪ መሸከሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ማታ ማታ ብርዱ እንዳይገድለው ፈትቼ ወደ ቤት አስገባዋለሁ፤ ምድጃው አጠገብ አንተ ባነጠፍክለት አሮጌ ሱፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት ተሸክሜ አወጣና አስራለሁ። እናታችን «ይህ ባትሪ ሙሽራ ሆነብን፤ ከኔ ይልቅ ለምድጃው እሱ ቀረበ» ትላለች። ስታደርግ እንዳየሁህ ሁሉ፣ ከመኪናዋ በር ኪስ ውስጥ ካለችው ሰማያዊ ክዳን ካላት ቆርቆሮ እየጠነቆልኩ ራሶቹን እቀባለሁ። አንድም ነገር አላጎደልኩም ብዬ ነበር።

መኪናዋ ከግቢያችን ስትነሣ እንደ ድሮዋ ነች፤ ቁልፉን ገና ስነካው ትነሣለች። ውጭ አንድ ጊዜ ካጠፋኋት ግን አለቀ። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ትላለች፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ከዚያ ዝም። ትምህርት ቤት ስንት ቀን እንደተገፋሁ አትጠይቀኝ። የክፍሌ ልጆች ከኋላ ይሰለፋሉ፤ እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረግጬ እጠብቃለሁ፤ ሴቶቹ በመስኮት ያያሉ። ታላይን ታውቀዋለህ፣ አፉ አያርፍም። «እኛ እየገፋን፣ አንተ ሹፌር ትባላለህ» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ድርቆሽ አምጥቶ ኮፈኑ ላይ አኖረላትና «ትብላ፣ ርቧት ይሆናል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ይነድ ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። አጎታችን ካድር «ባትሪው አርጅቷል» ሲል የእሱን ተውሼ አሰርኩ፤ ያው ናት። ጎረቤታችን «ካንዴላዎቹ ናቸው» ሲል ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ አሰርኩ፤ ያው ናት። ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል የሚል አለ። ሞተሪኖው ነው የሚል አለ። አንዲት አሮጊት ደግሞ መኪናዋ ባለቤቷ ሞቶባት ከቤት መውጣት ጠልታ ነው አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም ይልቅ ይህን አመንኩ። ለምን ቤት ስትሆን ደህና ሆና ውጭ ታኮርፋለች?

አሁን የሚያሳፍረኝ ላይ ደረስኩ። አንድ ቀን በአጎታችን ግቢ ሰዎች ተሰብስበው፣ አንዱ «የሳማት እጅ እኮ ወርቅ ነበር፤ በሱ ጊዜ አንድ ቀን ቆማ አይተናት አናውቅም» አለ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ድልድዩ ተገፍቼ መምጣቴ ነበር። «ምን ወርቅ ነው?» አልኩ። «እሱ እኮ ነው እንዲህ ጠጋግኖ፣ አበላሽቶ የተወልኝ።» ሬሳህን ያጠቡት ሽማግሌ እንደ ወጉ የተሰጣቸውን ያንተን ካፖርት ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አጎታችን አልጮኸም። «ሙት አይወቀስም፣ ልጄ» አለኝ። «ቁልፉን እስከ አርባው እታገስሃለሁ። ሳማትን ያሳደገችውን ቡሩል አያትን ለአርባው ከላይኛው መንደር በጊዜ ካላመጣህ ግን፣ መኪናዋ ወደ እኔ ግቢ ትገባለች። አንተን አምኜ አሮጊት በረዶ ላይ አላስቀርም።»

ሌላም አለ። ከተቀበርክ ወዲህ መቃብርህ ላይ አንድም ቀን አልወጣሁም። በየሐሙሱ እስከ ዳገቱ ግርጌ እመጣለሁ፤ ሞተሩን ካጠፋሁ እዚያው መቅረቴ ስለሆነ አላጠፋም፤ እዚያው ተቀምጬ መዳፌን ዘርግቼ እጸልይና ፊቴን አብሼ እሄዳለሁ። መንገደኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። እኔ ግን መንገደኛ አይደለሁም። የሞተሩን ድምፅ ታውቀዋለህና ከላይ ሆነህ ስትሰማው፣ መጣ ብለህ ስትጠብቅ፣ ሲርቅብህ ይታየኝ ነበር።

አርባህ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ቡሩል አያት ወጣሁ። በራፏ ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ጡሩምባ ነፋሁ። ከዘራዋን ይዛ ወጣችና «እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው? ያሳደግሁትን ልጅ ቀብረህ መጥተህ ከበር ላይ ትጠራኛለህ? አጥፋና ግባ» አለች። እንዳላጠፋ ለመንኳት። «ዳቦዬን ሳትቀምስ ከዚህ አልንቀሳቀስም» ብላ በራፉ ላይ ቆመች። አጠፋሁ። ዳቦውን ቀመስኩ፤ ሻይ ጠጣሁ፤ ስለ አንተ አለቀስን። ተመልሰን ቁልፉን ሳዞር፣ ቀጭ።

የሚገፋ ሰው የለ። ቡሩል አያት መሄጃ ልብሷን ለብሳ፣ ጥቅሏን አቅፋ ውስጥ ተቀምጣለች። ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ፤ ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ቤት ውስጥ ያለው ውጭ የሌለው ምንድነው? ምድጃ ነው። ባትሪው ከምድጃ ሲመጣ ትነሣለች፤ ሲቀዘቅዝ እምቢ ትላለች። የአጎታችን ባትሪም ቢሆን የሽቦው ማሰሪያ ያው ነበር። እንግዲያስ የቀዘቀዘው የት ላይ እንደሆነ ልይ ብዬ ማንቆርቆሪያዋን ለምኜ ከቤቷ አመጣሁና ሙቁን ውኃ በባትሪው ራሶች ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ከማሰሪያው ሥር ነጭ ነገር እየቀለጠ ወረደ። በረዶው ላይ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ሆነ።

ቡሩል አያት በመስኮት አፍንጫዋን አወጣች። «ላት የሚጠብስ ማነው?» አለች።

ላት ነበር፣ ወንድም ጋሼ። የበግ ላት። ቆርቆሮህ ስታልቅብኝ እኔ ነበርኩ የሞላኋት። ቆርቆሮዋ የእናታችን የጓዳ ቆርቆሮ ናት፤ ውስጧ ያየሁትም ነጭ ነበር፤ ታዲያ ምን ይሆናል ብዬ ከጓዳዋ ጨው የገባበት ላት ጨለፍኩባት። ያንተ ምን ቅባት እንደነበር ማንንም አልጠየቅሁም፤ ለካ ግራሶ ነበር። ያም አልበቃኝ፣ አንተ ማሰሪያውን ካጠበቅህ በኋላ ከላይ ትቀባ የነበረውን፣ እኔ ከማሰሬ በፊት በራሱና በማሰሪያው መካከል ለቅልቄዋለሁ። ሲሞቅ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ሰም ይደርቅና ኤሌክትሪኩን ይዘጋዋል። ጨዉ ደግሞ ሥሩን አረንጓዴ አድርጎ በልቶታል። በቢላዋዋ ፈቀፈቅሁት፣ ብረቱ ብረት እስኪመስል፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ አጠበቅሁት። ቁልፉን ሳዞር ከግቢያችን እንደምትነሣው ተነሣች።

ቡሩል አያት እስክትታነቅ ሳቀች። «ሌላው ሰው ለሙት የቦርሶክ ሊጥ በቅባት ጠብሶ ሽታ ይልካል፤ ይህ ልጅ ሞተር ጠበሰለት» አለች። እኔ ግን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ስለ አንተ በሰው ፊት ያልኩትን ነገርኳት፤ ዳገቱን እንዳልወጣሁም ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። እንባዬን በሻሿ ጠርጋ «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሱ ንገረው እንጂ» አለች።

አርባህ በደንብ ወጣ። በግ ታረደ፣ ቁርኣን ተቀራ። ከምግቡ በኋላ ተነሣሁና በዚያው ሰዎች ፊት «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳማት ምንም አላጠፋም፤ ባትሪውን ላት ቀብቼው ነው» አልኩ። ጉድ ነው የሳቁት። ታላይ ከዚያ ወዲህ ስሜን ትቶ «ላቱ» ነው የሚለኝ። ካፖርትህን የለበሱት ሽማግሌ ግን ሳይስቁ አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። አጎታችን ቁልፉን አልጠየቀኝም፤ በማግስቱ ብቻ አንድ ቆርቆሮ ግራሶ በራችን ላይ አስቀምጦ ሄደ።

እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፤ ሐሙስ ሐሙስ የምትጠብሰው የቦርሶክ ሽታ ይደርሰው እንደሆን ጠይቀው ብላለች። ቡሩል አያት በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሰለች ትልሃለች። አጎታችን ካድርም ሰላም ብሎሃል። ለአባታችን እጅ ንሣልኝ፤ ስለ ላቱ ግን አትንገረው።

ትናንት እናታችንን ከቡሩል አያት ጋር ጥቂት እንድትቆይ ላይኛው መንደር አደረስኳቸውና ተመለስኩ። ዛሬ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ምድጃውን አነደድኩ፣ ላሟን አለብኩ፤ ባትሪውን አወጣሁ፣ አሰርኩ፣ አጠበቅሁ፤ ከዚያ ከላይ ብቻ ግራሶ ቀባሁ። ዳገትህ ግርጌ ስደርስ ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁት። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። በረዶውን በእጄ ጠረግሁልህ፤ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ እዚያ በአፌ ነገርኩህ። ወርጄ ስደርስ ኮፈኑ ላይ በረዶ ተከምሮ ነበር። ተነሣች። ትምህርት ቤት ግን አረፈድኩ፤ መምህሩ የት ነበርክ ሲለኝ፣ ወንድሜ ዘንድ አልኩት።

ታናሽህ ኤርሜክ
ናሪን፣ አት-ባሺ፣ ፌብሩዋሪ 19