ልጃችንን እንዴት እንደምታስተኛት ደረስኩበት

ኤርሱሞዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። እጄ ለምዶ ጻፈው፤ ሰረዝኩት። ከተለየኸን ነገ እሑድ ሰባት ወር ይሞላል። በነዚህ ወራት አንተን ሳላናግር የዋልኩበት ቀን የለም፣ ግን በአፌ ነው፤ ድስት እያማሰልኩ፣ ደብተር እያረምኩ። ዛሬ ወረቀት የያዝኩት ወሬው ስለረዘመብኝና ሁልጊዜ መሃል ላይ ስደርስ እያለቀስኩ ስለማቋርጠው ነው። ወረቀት ደግ ነው፣ እንባዬን እስክጠርግ ይጠብቀኛል። በአማርኛ ጻፈችልኝ ብለህ እንዳትታዘበኝ። አንተ በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ አፋችንን ፈትተን፣ የተዋደድነውም የተኳረፍነውም በአማርኛ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ያለፈው ክረምት እዚህ ሆሳዕና ከተማ አልተቻለም። ማድ ቤቱ «ዛሬ ነገ» ስትለው በከረምከው ጥግ በኩል አፍስሶ አፍስሶ፣ በመጨረሻ ጓደኛህ ጋሽ ዮሐንስ ጣሪያ ላይ ወጥተው ደፈኑት። ሲወርዱ «የአናጢ ቤት እንዲህ ነው» ቢሉ ሳቄ አመለጠኝ። ከቀብርህ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበርና ወዲያው አፈርኩ። ካድሬዎቹ ያሸጉት ጸሎት ቤታችን አሁንም አልተከፈተም። ከጓሮ ያለው እንሰት ደህና ነው። እናትህ ለቀብር እንደመጡ እዚሁ ቀርተዋል፤ እኔም ሂዱ አላልኩ፣ እሳቸውም ልሂድ አላሉ። ልጅህ ምሕረት ትሮጣለች። «እምቢ» ማለትን ከተማረች ወዲህ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም፤ በማን እንደወጣች አንተው ታውቃለህ።

ስለ አልጋዋ ነው ልነግርህ የተነሣሁት። ስትሠራው እንዴት እንደሳቅኩብህ ታስታውሳለህ? ስምንት ወሬ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል በር ልትጠግን ሄደህ አንድ አልጋ አይተህ መጣህና፣ ለቤታችን በር ያስቀመጥከውን ዋንዛ አውጥተህ፣ ዙሪያውን ፍርግርግ ያለው የሕፃን አልጋ ገጣጠምክ። እኔም «ጀርባ እያለ ማን ልጁን እስር ቤት ያስገባል?» አልኩህ። እውነትም ለስድስት ወር ድንችና ያልታጠበ ልብስ ተኛበት። የወሊድ ፈቃዴም ክረምቱም አልቆ ወደ ከሰዓት ፈረቃዬ ስመለስ ግን አንተ ድንቹን ደፍተህ፣ አልጋውን ተሸክመህ ግቢ ውስጥ ወዳለው የሥራ ቤትህ አስገባኸው። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት አንተ ልትይዛት ተስማማን።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጅቷ እንቅልፏን ጠግባ፣ ፀጉሯ ላይ ሰጋቱራ ተበትኖባት፣ እግርህ ሥር በእንጨት ቁራጭ ስትጫወት አገኛት ነበር። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ ሁለት ሰዓት ትተኛለች ስትለኝ አላመንኩህም። አንድ ቅዳሜ አንተን ገበያ ልኬ ራሴ ሞከርኩ። ጉድ ፈላ! ፍርግርጉን ይዛ ቆማ ሰፈሩን በጩኸት አደባለቀችው። ስትመለስ እኔም እሷም እያለቀስን አገኘኸን። እንዴት አድርገህ ነው የምታስተኛት ብልህ፣ «ሙያ በልብ ነው» ብለህ ያን ሳቅህን ሳቅክብኝ። እንዴት ያናድደኝ እንደነበር! አሁን መናደዱ ራሱ ናፍቆኛል።

ከዚያ እናንተ አናጢዎች ለሰፋሪዎች ቤት ሥሩ ተባላችሁና ቆላ ወረድክ፤ ወባ ይዘህ መጣህ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሆነ ሁሉም። ስለዚያ አልጽፍም፤ አንተም እኔም እናውቀዋለን።

ለቅሶው ላይ ምን እንደሆነ ግን ልንገርህ። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ምሕረት እግሯ መሬት አልነካም። የገባችው ሴት ሁሉ «አይ የኔ ልጅ፣ የአባቷ ያለህ» እያለች ታዝላታለች። ከዱራሜ የመጣችው እህቴ ስታወርዳት የአንጋጫዋ አክስቴ ትቀበላለች፣ እሷ ስትደክም የእድር ሴቶች። ልጅቷ ከጀርባ ጀርባ እየተሻገረች በላች፣ ተኛች። ማን ክፉ አሰበ? ማንም። ሰዉ ሲበተን ግን ልጅቷ ጀርባ ካልሆነ የማትተኛ ሆና ቀረች። አልጋዋን ወደ መኝታ ቤት አስገባሁት፣ የሥራ ቤትህን ቆለፍኩት። ውስጡን ማየት አልቻልኩም ነበር።

እኔ ሥራ ስገባ ጀርባው የእናትህ ሆነ። ወገባቸውን ታውቀዋለህ። ሰኔ ላይ ምሕረትን እንዳዘሉ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው ቀሩ፣ ጎረቤት ነው ያነሣቸው፤ አራት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ። በዚያው ሳምንት ዘመዶችህ ተሰብስበው መከሩ። ምሕረትን ቦኖሻ ያሉት እህትህ እትዬ አስቴር ይውሰዷት፣ ለትምህርት ስትደርስ ትመለሳለች አሉ። እትዬ አስቴር ቤት ልጅም ጀርባም ሞልቷል፤ ደግነት ነው፣ አልከፋም። ነገር ግን ኤርሱሞ፣ አንተን ቀብሬ እሷን ደግሞ በአውቶብስ ልሸኝ? ፈረቃ ለውጡልኝ ብዬ ርዕሰ መምህሩን ለመንኩ፤ የሚቀይረኝ ጠፋ። ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም የለኝም። በመጨረሻ ዘመዶችህን ክረምቱን ብቻ ስጡኝ አልኳቸው። ትምህርት እስኪከፈት አልጋዋ ላይ መተኛት ከለመደች እናትህ አጠገቧ ተቀምጠው ይጠብቋታል፣ ካልለመደች ትሂድ። ሰጡኝ። መምህራን በክረምት መሠረተ ትምህርት ለማስተማር ገጠር ሲላኩም፣ ትምህርት ቤቱ ሐዘንተኛ ናት ብሎ ተወኝ።

ክትባት ስወስዳት ጤና ጣቢያ ያለችውን ሲስተር ጠየቅኳት። በተመሳሳይ ሰዓት አስተኛት፣ ሆዷ ይሙላ፣ ዓይኗ ሳይከደን አስቀምጫት፣ ስታለቅስ ዳብሻት እንጂ አታንሻት፣ ቤቱንም ጸጥ አድርጊው አለችኝ። የመጨረሻውን ምክር አጥብቄ ያዝኩት። ዶሮዎቹን አባረርኩ። መስኮቱ ላይ ጋቢህን ሰቀልኩ። የጎረቤት ልጆች ግቢያችን አጠገብ ኳስ እንዳይጫወቱ ለመንኩ፤ እናቶቻቸውም ሐዘን ቤት ነው እያሉ ቆነጠጧቸው። ሬዲዮው ከቀብርህ ጀምሮ አልተከፈተም። ቤታችን የዝንብ ድምፅ የሚሰማበት ሆነ።

እሷ ግን ወይ ፍንክች! ሐምሌ ሙሉ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጦርነት ነበር። እኔ አስቀምጣታለሁ፣ እሷ ትነሣለች። እኔ እደባብሳለሁ፣ እሷ ትጮኻለች። እናትህ በር ላይ ቆመው እጃቸውን እያፋተጉ፣ ልጅ እንደ በግ ጋጣ አይገባም፣ ልጅ ጀርባ ላይ ነው የሚያድገው ይሉኛል። አንዳንዴ አልቻልኩም፤ አነሣትና አዝላታለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ገና ሳልነቀንቃት ትተኛለች። የዚያን ጊዜ እንዴት እንደምጠላህ! አዎ፣ አንተን። ምስጢርህን ይዘህ የሄድክ ስስታም አልኩህ። ይቅር በለኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጋሽ ዮሐንስ ዕቃህን ሊገዙ መጡ። ልሸጠው ቆርጬ ነበር። የሥራ ቤቱን ስከፍት ሽታህ ፊቴን መታኝ፤ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ዮሐንስ መላጊያህን አነሡና ምላጩን ሊሞክሩ አንድ ሳንቃ አስረው ይልጉ ጀመር። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ምሕረት ክንዴ ላይ ነበረች። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ዓይኗን ባየው ከደን ከደን ይላል። ጀርባዬ ላይ እንኳ አልነበረችም እኮ! እየሮጥኩ አልጋውን ከቤት ጎትቼ አመጣሁና አስቀመጥኳት። አንዴ ዓይኗን ገልጣ ጋሽ ዮሐንስን አየች፣ ተገላበጠች፣ ተኛች።

ሰውየው ቀና ብለው ባዩኝ ጊዜ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። ሁሉንም የነገሩኝ ያኔ ነው። ለካ አንተ ስትልግ መዝሙር ትዘምር ነበር። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ በየግቢው ጆሮ ስላለ፣ መላጊያው ሲሄድ ትዘምራለህ፣ መላጊያው ሲቆም ዝም ትላለህ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንጨት ሲላግ ብቻ ይሰማል። ልጃችንም ከታች ሆና ሁለቱንም ትሰማለች። ለእኔ ያልነገርከኝ የመንግሥት መምህር ናት፣ ብትጠየቅ አላውቅም ትበል ብለህ እንደሆነ ጋሽ ዮሐንስ አጫወቱኝ። ሞኝ! ከአንተ ጋር ብጠየቅ ምን ነበረበት? ተናደድኩ፣ ኮራሁ፣ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ምስኪኗ ጸጥታ ስፈልግላት፣ ልጅቷን እንቅልፍ የነሣት ጸጥታው ነው። ዕቃውን አልሸጥኩም፤ ሰውየውም እሰይ ብለው መላጊያ አያያዝ አሳይተውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ራሴ ያዝኩት። አንተ ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር። መላጊያው እየተሰነቀረ፣ ሳንቃው እየዘለለ፣ መዳፌ በሁለት ቀን ውኃ ቋጠረ። እናትህ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። በአገራቸው ሴት የአናጢ ዕቃ ስትነካ አይተው አያውቁም፤ ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ገብተው ከአልጋው አጠገብ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጡ። መላጊያው ሲሄድ በሀዲይኛ መዝሙር ጀመሩ፤ መላጊያው ሲቆም አቆሙ። ማንም አልነገራቸውም። ወይ ከአንተ ተምረዋል፣ ወይ አንተ ከእሳቸው። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነን ሠራን። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ወገባቸውን ሳያጎብጡ፣ በአጭር ሳንቃ እሳቸውም መላግ ቻሉ። ሰፈሩ ውስጥ ባልቴቶቹ የአናጢ ቤት ከፈቱ ተብሎ፣ አንዲት ሴትዮ በርጩማ ልታዝ መጥታ ነበር።

እትዬ አስቴር ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው መጡ፣ አንቀልባ ይዘው። ምሳ በላን፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። እኔ እንዳልነሣ እናትህ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ምሕረትን በጣቷ ይዘው ወደ ሥራ ቤቱ ሄዱ። እኔና እህትህ ሳሎን ተቀምጠን አዳመጥን። ልጅቷ «እምቢ» አለች፣ አንዴ። ከዚያ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አንተን በስምህ እየጠሩ አለቀሱ። ሲነጋ አንቀልባውን ለማገዶ መያዣ ይሁንሽ ብለው ትተውልኝ በባዶ እጃቸው ቦኖሻ ገቡ። ልጅህ ቤቷ ቀረች ኤርሱሞ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ፣ ሳላለቅስ ከቻልኩ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምሕረት መላጊያው አያስፈልጋትም። አልጋዋ ላይ ስትቀመጥ ራሷ ትጋደማለች፣ ፍርግርጉን በጣቷ እየቆጠረች ትተኛለች። እናትህ ሲነግሩኝ ደስ አላቸው፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ እሳቸው መላጊያውን አንሥተው ምላጩን በነጠላቸው ጠረጉ። ድምፁን እየረሳችው ነው። ሌላውንም ትረሳዋለች፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ምን ይፈረድባታል? ፊትህን ሳታስታውስ ታድጋለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቤት ነኝ። ምሕረት ከተኛች አንድ ሰዓት ሆኗታል። እናትህ ግን አሁንም እየላጉ ነው። ሳንቃው ሳስቶ ሳስቶ ብርሃን ሊያሳልፍ ምንም አልቀረው። ይበቃል፣ ተኝታለች እኮ ልላቸው ወጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ አልቻልኩም። ተመልሼ ይህን ጨረስኩ። አሁን እሄድና ተራዬን እቀበላቸዋለሁ። ልጃችን ትርሳ፣ መብቷ ነው። እኔ ግን ክንዴ እስኪዝል እልጋለሁ፣ አልረሳህም፤ አንድ ቀን አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብላ ስትጠይቀኝ፣ የያዝኩልሽ ድምፅ አለ እላታለሁ።

ያንተው ባለቤት