ከጭብጨባው ስር

ጥቅምት 14
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። በኮንሰርቱ ቀን ቀሚሴ ላይ የፈሰሰው ሻይ አልለቅም አለ። ጉሮሮዬ ግን ደህና ነው... በዚህ ዕድሜዬ! አብራን የዘፈነችው ኢስታሂል ደውላ፣ "አራታችንም ቆመን ጨረስን፣ አልሐምዱሊላህ! የድሮዎቹ የጃዝ ዘፋኞች ሞተዋል ያለ ይፈር" አለች። ወንድሜ ዲሪር ስለ ኮንሰርቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ደክሞት ይሆናል።

ጥቅምት 19
አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ኮንሰርቱን የቀዳው የሊባን ስቱዲዮ። አልበሙን ከነጭብጨባው ሊያወጣው ነው።
"ኤዶ ሮዳ፣ አራተኛውን ዘፈን ስሚው። የአልበሙ ነፍስ እሱ ነው" አለኝ፤ ኤዶ የሚለኝ አክስቴ ለማለት ነው።
ዲሪር አንዱን ስንኝ እየመላለሰ የዘፈነበት ነው። ያን ቀን ጨዋታ መስሎን ተከተልነው። ጃዝ አይደል? ሰዉም አበደ።
ከዚያ የዲሪር ማይክ የቀዳውን ድምፅ ብቻውን ከፈተው። ከጭብጨባው ስር፣ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ... "ሮዳ፣ የት ነን?"
አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም!
"ምን እያለሽ ነው?" አለ ሊባን። አማርኛ አያውቅም።
"'ሮዳ፣ እንዴት ደስ ይላል' ነው ያለኝ።"
"ያምራል! ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።"
ተው ልለው ነበር... ለምን ቢለኝስ?

ጥቅምት 20
ምሳ ላይ ጠየቅኩት። በአማርኛ፤ ድሬዳዋ ካደግን ጀምሮ፣ ድንበር ተሻግረን እዚህ ከመጣን ወዲህም፣ የሁለታችን ቋንቋ እሱ ነው።
"ኮንሰርቱ ደስ አለህ?"
"የቱ ኮንሰርት?" ፊቴን አየና ሳቀ። "ስቀልድብሽ ነው።"
አልቀለደም።

ኅዳር 2
ሊባን ጋ ዛሬም አልሄድኩም። ሹክሹክታውን አጥፋው ብዬ ብነግረው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ከነገርኩት ከተማው ይሰማል። ዲሪር ኩሩ ሰው ነው፣ ከሚታዘንለት ቢሞት ይመርጣል። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 11
አልበሙ ወጣ። ኮድቡር ሰፈር ባጃጁ ሁሉ እሱን ነው የሚያጫውተው። ልጆች አራተኛው ዘፈን ላይ ሲደርሱ "ሮዳ የት ነን! ሮዳ የት ነን!" እያሉ ይጨፍራሉ። እዚህ አገር አማርኛ የሚሰማ ስለሌለ ትርጉሙን አያውቁም። እፎይ ልበል?

ኅዳር 13
ለካ የሚያውቅ አለ! ወርቅውሃ፣ ጎረቤት የምትሠራው የጎጃም ልጅ፣ በር ላይ አገኘችኝ።
"እትዬ፣ ጋሽ ዲሪር ታመዋል እንዴ? እኛ ሰፈር ያሉት ያገራችን ግንበኞች ሁሉ ሰምተው... አንጀታችንን በሉን።"
ቁልፌን ከቦርሳዬ መፈለግ ጀመርኩ።
"እርስዎ ግን ለምን አልመለሱላቸውም?"
አልሰማሁትም አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ስታመም ዋልኩ።

ኅዳር 24
ዛሬ አልበሙን በስልኬ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። አንድም ምት አልሳተም። አራተኛው ዘፈን ደረሰ።
"ሮዳ፣ የት ነን?"
ጣቱ ቆመ። ተቆጣ።
"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ሰው እየጠየቃቸው ዝም ብሎ መዝፈን?"
ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና ድምፁን አለሰለሰ።
"አይዞህ ወንድሜ። ድሬዳዋ ነን።"
ቀና ብሎ አየኝ። እንዳረጋግጥለት ነው።
"አዎ" አልኩት፣ ቶሎ ብዬ። "ድሬዳዋ ነን።"
ዛሬ እንኳ መለስኩለት።