በገንዳ ተወለዱ የተባሉት ዓሣዎች

ላሲታ፣

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው፤ በኮኮናት የሠራሁት ምስር ተከድኗል። ድመቷን አብልቻታለሁ። አልበላሁም ብላ ብትጮህብህ እንዳታምናት።

እኔ ወደ ጀልባው ወርጃለሁ።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ትተሃቸው የተኛኸውን፣ ዛሬ በሕይወቱ ለሚጫነው የጌጥ ዓሣ የሚለጠፉትን ወረቀቶች አነበብኳቸው። «በገንዳ ተወልዶ ያደገ» ይላሉ። እነዚያን ነጭ መቀነት የታጠቁ ዓሣዎች ባሕር ጠልቄ ከቋጥኙ ሥር በመረብ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ገንዳ ውስጥ ከተወለዱ እኔ እዚያ ታች ምን ስሠራ ነበር? የግራ ጆሮዬስ የደነቆረው የት ነው?

ባለፈው ስጠይቅህ፣ «አያ ሼልተን፣ ገዢው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል። ዓሣው እንደሆነ ማንበብ አይችል» አልከኝ።

እውነትህን ነው፣ ዓሣው አያነብም። እኔ ግን አነባለሁ።

ስለዚህ ሁሉንም ሰርዤ «ከባሕር የተያዘ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። አለቃህ ምን እንደሚልህ አላጣሁትም። ይቅርታ፣ የጻፍኩት በአንተ እስክሪብቶ ነው፤ ቀለሙ አልቋል።

ያልነካኋቸው ትርፍ ወረቀቶች ቁም ሳጥኑ ላይ አሉ። የጭነት መኪናው የሚመጣው ከሰዓት ስለሆነ፣ የድሮውን ልለጥፍ ካልክ ጊዜ አለህ። አልከለክልህም።

ከለጠፍክ ግን ደብቀኸኝ አትደር። ማታ እንደ ልማድህ ዘይት አሙቀህ ጆሮዬ ውስጥ ስታንጠባጥብልኝ ንገረኝ።

በግራ በኩል ንገረኝ።

ሼልተን