በእኔ እጅ የተጻፈው ወረቀት

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ ግን አፍሬያለሁ። ከሁሉ በፊት እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? የእማዬ ጉልበትስ? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ አበቀለ? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ድካሙ ብቻ ነው። ዛሬ የእረፍቴ ቀን ሆኖ እንኳ ክንዴ አንሶላ የማጥፍ እየመሰለው ይወዛወዛል።

ሥራዬ ያው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። ትልቁ መተኮሻ ማሽን ላይ አብራኝ የምትሠራዋን፣ ሳቂታዋ የምንላትን ሴትዮ ነግሬሽ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የማሽኑ የጋለ ክዳን ቀኝ እጇ ላይ ወደቀ። ክዳኑን የሚይዘው ሞላ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አለቃችን ለጊዜው ብሎ በሽቦ አስሮት ነበር። ሽቦው መላላቱን ሰኞ ዕለት እኔ ባለሁበት ነግራዋለች። እሱም ወሬሽን ትተሽ ሥራሽን ሥሪ አላት። ሌሎቹ ማጠቢያው ጋ ስለነበሩ ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

ልንጠይቃት ስንሄድ እጇ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል። መዳፌን ተኩሰውልኛል፣ እንግዲህ አይጨማደድም ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ አንቺ ልጅ ዛሬም ምላስሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ? አለችኝ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። ዓርብ ዕለት አለቃችን ቢሮው ጠራኝ። ከሴቶቹ መካከል ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጽሕፈትሽ ያምራል አለኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፦ ሴትዮዋ ማሽኑ መበላሸቱን ለማንም ሳትናገር በራሷ ግድየለሽነት ተቃጠለች። እኔ የተጨነቅሁት ግድየለሽነት የሚለውን ቃል እንዳልሳሳት ነበር! ነገ ጠዋት ለሁሉም እንዳነብላቸው አዞኛል፣ እነሱም የጣት አሻራቸውን ያኖሩበታል። ከዚያ በኋላ ለሕክምናዋ የሚከፍል የለም፣ እንጀራዋም ተቆረጠ። እምቢ ብል ደግሞ የምተኛበት አልጋ የእሱ ነው።

ከዓርብ ወዲህ ፀጉሬን እየሠራሽ ታሪካቸውን የምታወሪልኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ከሐሳቤ አልወጡም። አዋላጆቹ ሲፓራና ፉሐ ወንድ ሕፃናትን ግደሉ ያላቸውን ንጉሥ አልታዘዝ አሉ፤ ግን ሁለት ነበሩ፣ ሲጨንቃቸው ይተያያሉ። አስቴርም ብትሆን ሦስት ቀን የሚጾምላት ሕዝብ ነበራት። እኔ ያለኝ አንድ እሑድ ነው፣ እሱም ልብሴን ሳጥብ አለቀ። አቢግያ በቁጣ የመጣውን ጦረኛ በቃል የመለሰች፣ አፏ የተባ ነው፤ እኔ ሳሙና ልገዛ ሱቅ ስቆም እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ደክሞኝ ተውኳቸው።

ቆይቶ በንዕማን ቤት የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ተማርካ ሰው ቤት የምታገለግል፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈላት። ምን ምን ተናገረች ብዬ ስጠይቅሽ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ በለምጽ የታመመውን ጌታዋን የሚፈውስ ነቢይ በአገሯ እንዳለ፣ እሱንም ለእመቤቷ፣ ብለሽኝ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እኔም ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ እታለም፣ ከሥራው ይልቅ ያደከመኝ ይኸው ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባዬን እጅ ነሥታለች በይልኝ። ባልሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይው፣ የትንሹንም ጉንጭ ግምጥ አድርጊልኝ። ከሥራ ከወጣሁ ለእማዬ ቀስ ብለሽ አንቺ ንገሪያት፣ ከሌላ ሰው አትስማ።

ነገ አንብቢ ሲለኝ እነሣለሁ። ወረቀቱን አላነብም። ድምፄ ከጠፋ እስኪመለስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ እንጂ አልቀመጥም። ከዚያም፣ ሽቦው መላላቱን ሰኞ ዕለት ነግራዎታለች፣ አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ እለዋለሁ። ሌላ ባልችል እንኳ ይህችን እላለሁ።

ታናሽ እህትሽ