ስለ ድመትሽና ስለ ውሻዬ

ዊትኒ፣ ላስ ቬጋስ

ውድ ጣሂራ፣

ሸጋ በሕይወት አለች። ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር እንዳለበት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሰላምታውን ስታነቢ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ስላልፈለግሁ ነው። ድመትሽ አሁን መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ፎጣ ላይ ተኝታለች። ከስታለች፣ የግራ ጆሮዋም ትንሽ ተቀድዷል። ሌላው ደህና ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው። «የበረሃው ቀበሮ፣ ኮዮቴ፣ በልቷት ይሆናል» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሸጋ የጠፋች ቀን ውሻዬን ጃኪን ሳላስር የጓሮውን በር ከፍቼ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። እሷ አጥሩ ሥር ነበረች። ጃኪ ሲወረወርባት አይቻለሁ፤ እሷም መንገዱን አቋርጣ ስትጠፋ አይቻለሁ። አንቺ ከሺፍት ስትመለሺ ግን ምንም እንዳላየ ሰው አብሬሽ ፈለግሁ። ማስታወቂያውን በየምሰሶው ስንለጥፍ ፕላስተሩን የምቆርጥልሽ እኔ ነበርኩ።

ጃኪ ድመት ሲያይ ለምን እንደሚያብድ ትጠይቂኝ ነበር። እሱንም ልንገርሽ። በየኢዱ፣ አንዳንዴም አርብ አርብ፣ በአጥሩ ላይ ሥጋ ታቀብዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሙስሊም ያረደውን እንደማልበላ መናገር አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ «እጅሽ ይባረክ» እያልኩ ተቀብዬ፣ ዘወር ስትዪ እዚያው አጥሩ ሥር ለጃኪ እሰጠው ነበር። ሸጋ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች፤ እሱ ልትቀማው እንደመጣች ቆጥሮ ያጉረመርማል። ጠላትነቱን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

አንቺ ቤት ቀይረሽ ከሄድሽ በኋላ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ሸጋን የጓሮው ግንብ ላይ አየኋት። ጃኪ ጮኸ፣ ሄደች። በማግስቱም እንደዚያው። ውሻው ዝም ካላለ ወርዳ እንደማትያዝልኝ ገባኝ። መጀመሪያ ጮህኩበት፣ በጋዜጣ መታሁት፤ ባሰበት። ቸግሮኝ እንስሳት ክሊኒክ የሚሠራውን ፊልሞንን ጠየቅሁት።

«ጋሽ ዘውገ፣ አይቆጡት» አለኝ። «ድመቷ በመጣች ቁጥር እርስዎ ከጮኹበት፣ ድመት ማለት ባድ ኒውስ፣ መጥፎ ነገር ነው ይላል። ራቅ አድርገው ይያዙት። አይቷት ወደ እርስዎ ዞር ካለ ትሪት፣ የሚወደውን ቁራሽ ይስጡት። ስትሄድ መስጠቱን ስቶፕ ያድርጉ።»

«ካልዞረስ?»

«በጣም ቀርበዋላ! ወደ ኋላ ባክ ያድርጉ።»

በየማለዳው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የተቀቀለ ዶሮ በኪሴ ይዤ ከግንቡ ሃያ እርምጃ ርቄ ቆምኩ። ጎረቤቶች በዚህ ዕድሜዬ ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል። መጀመሪያ የጃኪ ፀጉር ይቆማል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ በስሙ ብጠራው አይሰማም። ወደ ኋላ እንመለሳለን። በሦስተኛው ሳምንት እሷን አይቶ በራሱ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በየቀኑ አንድ እርምጃ ቀነስን። ትናንት ጃኪ በማሰሪያው ተይዞ አራት እርምጃ ርቆ ተኝቶ ሳለ፣ ሸጋ ወርዳ ካስቀመጥኩላት ሳህን በላች። ጃኪን እዚያው አስሬ ሳህኑን ቀስ በቀስ ወደ ቤት አስገባሁ፤ ተከተለችኝ። በሩን ከኋላዋ ዘጋሁ።

ጃኪ ድኗል አልልሽም። ብትሮጥ አሁንም ያባርራታል። ስለዚህ ማሰሪያው ከእጄ አይወጣም፣ በመካከላቸውም የተዘጋ በር አለ።

ቀደም ብዬ ልደውልልሽ እችል ነበር። «ሸጋ ተመልሳ ብትጠፋ በጣሂራ ላይ ሁለተኛ ሐዘን አላመጣም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን መንገር ፈርቼ ነው። አፍሬያለሁ፣ ጣሂራ።

ከአዲሱ ሰፈርሽ ከሴንቴኒያል ሂልስ እዚህ ድረስ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ቅዳሜ ነይ። ድመቷን ላምጣልሽ ብልም መንገድ ላይ ሌላ ውሸት እንዳልፈጥር ራሴን አላምነውም። አጥሩ ጋ ያለቀስሽ ቀን ትከሻሽን ይዤ «አይዞሽ» ብዬሻለሁ። ስለዚህ ስትመጪ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፣ ስደቢኝም። ድመቷን ከበር ተቀብለሽ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብለሽ እንዳትሄጂ ብቻ። እሱን አልችለውም።

ጎረቤትሽ የነበረው፣
ዘውገ