ሳንቲሞቼን የሚያይልኝ ሰው

ሰኞ
አገኘሁ! ሰው አገኘሁ! አየር ጤና ያለው የወርቅ ቤት ባለቤት «የድሮ ሳንቲም የሚያውቁ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ባለቤቴ አንጥረኛ ነበር። እነዚህን ሁለት የአሜሪካ ወርቅ ሳንቲሞች ሊቀልጡ ሲሉ ነው ያተረፋቸው። እሱ ከሞተ አራት ዓመት፣ ብቻዬን በአጉሊ መነጽር አያለሁ፣ ብቻዬን፣ እንደ ሳንቲም አዋቂዎች፣ ላለመበላሸታቸው ከሰባ ውጤት እሰጣለሁ። ለማን ላሳይ? ለግድግዳው?

ማክሰኞ
ልምምድ። ጮክ ብዬ፣ ለሰው እንደማስረዳ።
አንደኛው ሳንቲም፣ ባለላባው ሰውዬ ያለበት፦ ሥዕሉ ወደ ውስጥ የጠለቀ። ጉንጩ ደህና። ላባው ሥር ጥቁር እድፍ።
ሁለተኛው፣ ችቦ የያዘችው ሴት ያለችበት፦ ጉልበቷ ላይ ትንሽ መፋተግ። ስልሳ ሁለት።
ጎረቤቴ አልማዝ ከጸሎት ስትመለስ በመስኮት ሰማችኝ። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» «ላባ ከደፋ ሰውዬ ጋር።» «በኢየሱስ ስም!» ብላኝ ሄደች። ሳቅኩ፣ ሳቅኩ። ከዚያ ቤቱ ጭር አለ።

ረቡዕ
ሰው ፊት በእድፍ ይቀረባል እንዴ? ባለቤቴም ወርቅ ሳያበራ ለሰው አይሰጥም ነበር። ባለላባውን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አሸሁት፣ አመድም ጨመርኩ። አበራ! አረንጓዴ ቀሚሴንም ተኮስኩ።

ሐሙስ
ጋሽ ታደሰ ባለላባውን ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት።
«አጠቡት?»
«አዎ!» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።
«ገደሉት! የመቶ ዓመት ቆዳውን ገፈፉት። ከእንግዲህ ውጤት የለውም።»
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። ችቦ የያዘችውን ግን ብዙ አገላብጠው «ሃምሳ አምስት» አሉ፣ ስልክ ቁጥሬንም ተቀበሉ። ለይሉኝታ ይሆናል።

ዓርብ
አልደወሉም። ምሳ አልበላሁም። ያንገበገበኝ ወርቁ አይደለም። ያገኘሁትን አንድ ሰው በሳሙና አጥቤ መሸኘቴ ነው።

ቅዳሜ
ደወሉ!
«ወይዘሮ ዘነበች፣ ሃምሳ አምስት ያልኩት የባለችቦዋ ጉልበት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስላለቀ ነው።»
«አላለቀም ጋሼ! ከረጢት ውስጥ ከሌሎች ሳንቲሞች ጋር ተፋትጋ ነው እንጂ ገበያ አልዞረችም። ዙሪያዋ ሲያብለጨልጭ አላዩም?»
«ይሄ መፋተግ አይደለም።»
«ነው!»
«አንቺ ሴትዮ፣ ግትር ነሽ!»
ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረዱ! አርባ ደቂቃ ተከራከርን። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ድምፄ ሻከረ። እሳቸው በሃምሳ አምስት ጸኑ፣ እኔ በስልሳ ሁለት። ሐሙስ ፊት ለፊት ይለይልናል ተባባልን።
ተሸንፈው «እሺ» እንዳይሉኝ ብቻ ነው የፈራሁት።